ለአይጦች የተሠራው መድኃኒት

የውብዳር ሲያትል ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ አይጦችን ትመግብ፣ ሳጥኖቻቸውንም ታጸዳ ነበር። ሥራውን ያስገኘላት የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር መሓሪ ነው። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው።

እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላብራቶሪው ፔፕታይድ የሚባል፣ ከፕሮቲን ቅንጣት የተሠራ የቁስል መድኃኒት ይሞክር ነበር። የአይጦቹ ቁስል በሳምንት ሲገጥም የውብዳር በዓይኗ አየች። ብልቃጦቹ ላይ «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም» ተብሎ ተጽፏል።

ባሏ ክፍሌ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ስኳር አለበት። ከጥምቀት ጀምሮ ውስጥ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ብሎታል።

ሰኔ ላይ የውብዳር ብልቃጥ በምሳ ዕቃዋ ይዛ መውጣት ጀመረች።

«ሐኪም ያዘዘው ነው?» አላት ክፍሌ መርፌውን ሲያይ።

«የኛ ዶክተሮች ናቸው የሰጡኝ።»

«ኦኬ። ሶ፣ የሐሙሱን የሐኪም ቀጠሮ ካንስል ላድርገው? ፈቃድ መጠየቅ ሰልችቶኛል።»

ትንሽ አሰበች። «አድርገው» አለችው።

በዚያው ሰሞን ላብራቶሪ የገቡት አዳዲስ አይጦች ቁስላቸው እንደ በፊቱ አልገጥም አለ። ሠራተኞቹ ምግቡን ጠርጥረው አስቀየሩ። የውብዳር ያዘዟትን ቀየረች፤ ልቧ ግን ቤቷ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት የክፍሌ እግር ጠቆረ። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ዶክተር መሓሪና ባለቤቱ ሄለና ሆስፒታል ሊጠይቁት መጡ። ሄለናም ስኳር አለባት።

«አይዞህ፣ እኔም በእግሬ ቁስል ለፋሲካ ዊልቸር ላይ ነበርኩ» ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መሓሪ ከመስኮቱ አልራቀም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ክፍሌ የሚስቱን እጅ ያዘ። «አንቺ ባትኖሪ እግሬን ብቻ ሳይሆን ነፍሴንም አጣ ነበር» አላት። የውብዳር ፊቴን ልታጠብ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውሃውን ከፍታ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት የመሓሪን ቢሮ አንኳኳች።

«ዶክተር፣ የክፍሌን እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። ከየትኛው መደርደሪያ እንደወሰደች፣ ስንቴ እንደወጋችው፣ ቀጠሮውን እንዴት እንዳስቀረችው።

«ያመነኝን ሰው በገዛ እጄ መርዝ ወጋሁት። ፖሊስ ይጥሩ፤ አልሸሽም።»

መሓሪ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ አልተቀመጠም።

«መርዝ አይደለም፣ የውብዳር። የጨው ውሃ ነው» አላት። «መድኃኒቱን ለሄለና ወስጄ ብልቃጦቹን መልሼ የሞላሁት እኔ ነኝ።»