የአትክልተኛው ማስታወሻ ደብተር

ሰምሃል አትክልተኛውን መፍራት የጀመረችው ሰውዬው ሥራ በገባ በሁለተኛው ወር ነው።

እሷ ቦሌ ቡልቡላ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የልዩ ፍላጎትና የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ናት። ክፍሉ ሃያ አንድ ተማሪዎች አሉት። ሃያ አንዱም ዓይናቸው ያያል፣ ጆሯቸው ይሰማል፣ እግራቸው ይሮጣል። እዚያ የተመደቡት በእረፍት ሰዓት አማርኛ ሲናገሩ ስለተያዙ ነው።

በግቢው ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነበር። አማርኛ ያመለጠው ሰው፣ መምህርም ይሁን ጽዳት፣ ቀኑን ሙሉ ቢጫ ሪባን አንገቱ ላይ አስሮ ይውላል። አማርኛ የተፈቀደው ከወላጅ ጋር ብቻ ነው። ጥበቃው ገብረትንሣኤ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ያውቃል፤ ቀኑንም በአራቱ ያብቃቃዋል።

አትክልተኛው ደቻሳ የመጣው በአንድ የአትክልት ድርጅት በኩል ነው። እንግሊዝኛ ይችላል ብሎ የገመተ አልነበረም፣ አማርኛ ደግሞ ሪባን ያስከትላል፤ ስለዚህ ማንም አላናገረውም። «ጉድ ሞርኒንግ» ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፈገግ ይላል፣ በቃ። በአንድ ወር ውስጥ ሪባኑ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሳይቀር ሁሉንም አዳረሰ። ደቻሳ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተያዘም።

በዚያው ሰሞን፣ ከበላይ አካል የሚላኩ ተቆጣጣሪዎች ማንነታቸውን ደብቀው ትምህርት ቤቶችን ያጠናሉ የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሰምሃል ወሬውን በሰማች ጊዜ በመስኮት ጽጌረዳዎቹን ወደሚኮተኩተው ደቻሳ ተመለከተች።

ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ሰውዬው ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያል። ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለች። ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም፤ መንግሥት ከጀርባው ያለ ሰው ደግሞ ለምን ይዞራል? የእሳት አደጋ ልምምድ የተደረገ ዕለት ደወሉ ሲያምባርቅ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ሲሮጡ ያየ ጊዜ ግን ከጥበቃው ቀድሞ ደርሶ ትልቁን በር ከፈተላቸው። ሰምሃል የልምምዱን ሰዓት እየመዘገበ እንደነበር አልተጠራጠረችም።

አንድ ቀን ደፈር ብላ ፊት ለፊቱ ቆመችና በእንግሊዝኛ ሁሉ ነገር ተስማምቶት እንደሆነ ጠየቀችው። ደቻሳ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ዘረጋላት። አስተያየት መስጫ ነው ብላ፣ «ክፍላችን ሁሉንም ያካትታል» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ፈረመች። ሰውዬው አንብቦ ግራ ገባው። ሰምሃል ቅር እንዳለው ቆጠረችውና በማግስቱ ከመምህራን ማረፊያ ወንበር አስወጥታ ከዛፉ ሥር አስቀመጠችለት።

በአራተኛው ወር፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ሀቢባ የምትባል የቦሌ ሚካኤል ልብስ ሰፊ የሰባት ዓመት ልጇን ፈዲላን ይዛ ወደ ሰምሃል ቢሮ ገባች።

«ልጄ መስማት አትችልም» አለች ሀቢባ። «በምልክት ቋንቋ ግን ሁሉንም ታወራለች። መዋዕለ ሕፃናት ተምራለች፣ ፊደል ቆጥራለች።»

ፈዲላ እናቷን ጎተት አድርጋ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች።

«ምን አለች?»

«‹የእኔ ወንበር የትኛው ነው?› ትላለች።»

ሰምሃል የምዝገባ ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበች። «እህቴ፣ እኛ ልጅ አንመርጥም። ግን እዚህ የእሷን ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው የለንም። ደወል አትሰማም። እሳት ቢነሳስ? ለእሷ ደኅንነት ብዬ እኮ ነው።»

«ልጆቹ ሲሮጡ ታያለች፣ ትሮጣለች።»

«እንደሱ ቀላል አይደለም።»

«በራችሁ ላይ ‹ማንም ልጅ አይቀርም› ተብሎ ተጽፏል።»

«እሱ ራእያችን ነው» አለች ሰምሃል።

ሀቢባ ነጠላዋን አጠበቀች። «እናንተ አራተኛ ናችሁ። ሦስቱ መልሰውናል። እርስዎም ከመለሱን ዘንድሮም እቤት ልትውል ነው፣ ስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ።» ድምፅዋ ተሰበረ። ሰምሃልም ሆዷ ባባ፤ ግን ሆድ መባባት ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

በመስኮቱ ደቻሳ ሣሩን ውሃ ሲያጠጣ ታየ። ሰምሃል አንድ ሐሳብ መጣላት። ውሳኔው እሱ ባለበት ቢሰጥ፣ ነገ ሪፖርት ላይ «ወላጅ በአግባቡ ተስተናግዳለች» ተብሎ ይሰፍራል። እናትና ልጅን አስከትላ ወደ አትክልቱ ወጣች።

«አቶ ደቻሳ፣ ይቅርታ» አለች ከኋላው ቆማ፣ ወላጅ አለችና በአማርኛ። «እርስዎ አራት ወር ሙሉ ግቢያችንን አይተዋል። እውነቱን ይፍረዱ፤ መስማት የማይችል ሰው እዚህ አንድ ቀን መዋል ይችላል?»

ደቻሳ አልዞረም። ውሃው ሣሩ ላይ ይፈሳል።

«አዩ» አለች ሰምሃል ወደ ሀቢባ ዞራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሳቸውም ከእኔ ጋር ናቸው።»

ሀቢባ እንባዋን ጠረገችና የልጇን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ፈዲላ ግን የለችም። የአበባዎቹን መደብ ዞራ ከሰውዬው ፊት ቆማለች። ቅድም ቢሮ ውስጥ እናቷን የጠየቀችውን ጥያቄ በጣቶቿ ጠየቀችው።

ደቻሳ የውሃውን ጎማ መሬት ጣለና በሁለት እጆቹ መለሰላት።