ከፎቶው የተቆረጠው

«ፊቱን የት አደረስከው? ልጄ በግ ነው፣ አንገቱን ቆርጠህ የምትሰቅለው?»

«እናቴ፣ ውበቱ እኮ እሱ ነው» አለ ፎቶ አንሺው፣ የኤግዚቢሽኑ ጎብኚዎች እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፎቶው ላይ የሚታየው ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር፣ የጠዋት ፀሐይ የዘረጋችው ጥላና ቀይ ሹራብ የለበሰ ትከሻ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ሳያስበው እጁ ቀድሞት ያነሳው ነው። ቤት ገብቶ ላዩንና ቀኙን ሲቆርጥለት ደግሞ አማረ።

ሴትየዋ «አፋልጉኝ» የሚሉ ወረቀቶችን በክንዷ ታቅፋለች።

«ሹራቡን የሠራሁት በእጄ ነው። ምትኩ ከቤት ከወጣ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ይሙት ይኑር አላውቅም። እባክህ የኔ ልጅ፣ ያልተቆረጠውን አሳየኝ። እግርህ ላይ ልውደቅ?»

ጎንበስ ስትል ደንግጦ ያዛት። ላፕቶፑን ከፍቶ ሙሉውን ፎቶ አወጣላት።

ወጣቱ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ከስቷል እንጂ ደህና ነው።

«ተመስገን! ራሱ ነው! አለልኝ!»

ልጁ ግን ወደ ካሜራው አያይም። በእጁ አፉን አፍኖ ወደ ቀኝ ይመለከታል። ሴትየዋ ዓይኑን በጣቷ ተከትላ እስከ ፎቶው ዳር ሄደች። እዚያ አንዲት ሴት ጀርባዋን ለወጣቱ ሰጥታ ትሄዳለች፤ «አፋልጉኝ» የሚሉ ወረቀቶችን በክንዷ ታቅፋለች።

ፎቶ አንሺው ቀና ብሎ ሴትየዋ የታቀፈቻቸውን ወረቀቶች አየ።

«ወንድሜ፣ ይሄኛው ግሩም ነው!» አለው አንድ ጎብኚ፣ የተሰቀለውን ፎቶ እያሳየ። «እንዴት ታየህ?»

መልሶለት ሲዞር፣ ላፕቶፑ አጠገብ ወረቀቶቹ ብቻ ነበሩ።