ምርመራ ብለሽ ጻፊው

«ከጀመርን ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነን» እላለሁ። ዶክተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ማስቲካውን ከጭንብሉ ሥር ያላምጣል። የጨረሩን መጠንና ሰውነት ውስጥ የገባውን የራጅ ቀለም በየአሥር ደቂቃው ጮክ ብዬ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው። ሰምቶ ማቆም ደግሞ የእሱ። እኔ የእኔን እየሠራሁ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተኙት አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። የደነዘዘው ብሽሽታቸው ብቻ ስለሆነ የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ። ጠዋት የሆስፒታሉን ጋውን ሳለብሳቸው ስፌቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ይህን የሰፋው ሰው በሌላ ሥራው ጎበዝ ይሆናል ብለው አስቀውኝ ነበር።

ከልባቸው ደም ሥሮች አንዱ ድፍን ካለ ዓመታት አልፈዋል። ሰውነት ግን ዘዴ አያጣም፤ ከጎረቤቱ ጤነኛ ሥር ፀጉር የሚያካክሉ ጠመዝማዛ መንገዶች አውጥቶ የተዘጋውን ወገን ሲመግብ ኖሯል። ዶክተሩ በብሽሽታቸው ያስገባውን ቀጭን ሽቦ ከፊት በኩል ደጋግሞ ገፋ፤ አላልፍ አለ። አሁን በእነዚያ ቀጫጭን መንገዶች ዞሮ ከኋላ ሊገባ ነው። ሙያው ክፉ አይደለም። ሦስት ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በወሩ በእግሩ ሊያመሰግነን ሲመጣ አይቻለሁ። ማቆሚያው ሲታወቅ ነው ታዲያ።

ዶክተሩን ቁልፍ ሠሪው እንለዋለን። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ። የመቆጣጠሪያው ክፍል በር ጀርባ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ለከፈተው ሥር ሁሉ አንድ ጭረት ይሰመርለታል። ሐሙስ በሐኪሞቹ ትልቅ ስብሰባ ላይ ከሞከርኳቸው መቶ ሥሮች ዘጠና ስምንቱን ከፈትኩ ሊል ነው።

«ልጄ፣ ክሩ አልገባም አለ?» ይሉኛል አዛውንቱ በቀስታ።

እየሞከሩ ነው አባባ እላቸዋለሁ።

«ክር እንቢ ሲል ጫፉን ያዩታል እንጂ አይገፉትም።»

ዶክተሩ ይስቃል። የማስቲካው ሽታ ጭንብሉን አልፎ ይመጣብኛል፤ ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ቅፍፍ ያደርገኛል። ጨረሩ ከወሰኑ ማለፉን እናገራለሁ። ትንሽ ቆይቼ እደግመዋለሁ። እሺ ይልና እግሩን ከጨረሩ መርገጫ ላይ አያነሣም።

ሽቦው ቀጭኑ መንገድ ውስጥ ይገባል። ወዲያው የልብ ምቱ መስመር ሽቅብ ይጎብጣል፤ የአዛውንቱ እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። «ደረቴን» ይላሉ። ስክሪኑ ላይ ቀጭኑ መንገድ ጠፍቷል፤ ደም አያልፍበትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሽቦውን ይስባል፤ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁላችንም ስክሪኑ ላይ እናፈጣለን። በመጨረሻ ያ መንገድ ተመልሶ ይታያል፤ ከበፊቱ ግማሽ ቢሆን ነው። ሕመሙም ይቀንስላቸዋል። የተዘጋው እንደተዘጋ ነው።

ዶክተሩ ጓንቱን ያወልቃል፤ ማስቲካውን እላዩ ላይ ይተፋና ወደ ቅርጫቱ ይወረውራል። ቅርጫቱን ይስታል። ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

«ሲስተር፣ ምርመራ ብለሽ ጻፊው» ይላል።

ምርመራ ማለት ፎቶ አንሥተን አየን እንጂ ለመክፈት አልሞከርንም ማለት ነው። ያልተሞከረ ከመቶው አይቆጠርም። ይህን ያህል ጨረር የወሰደ ጀርባ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊቀላ፣ ሊቆስል ይችላል፤ መታየት አለበት። ምርመራ ለተደረገለት ሰው ጀርባውን ገልጦ የሚያይ የለም። ይህንኑ ስነግረው ቆዳ አይደል፣ ይድናል ይለኛል። ወጥቶ ውጭ ለምትጠብቀው ልጃቸው ሲያስረዳት ድምፁ በበሩ ይሰማል፤ ማር የመሰለ ድምፅ ነው። ፎቶ አንሥተናል፣ ለጊዜው መድኃኒቱን ይውሰዱ ይላታል።

አዛውንቱን በጎናቸው አዞራቸዋለሁ። አባባ፣ ብዙ ተሞክሮ አልተከፈተም፣ ይህ ቦታ እንዳይቆስል ልጅዎ በየቀኑ ትይልዎ እላቸዋለሁ። የትኛው ቦታ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከግራ ትከሻቸው በታች መዳፌን አሳርፋለሁ። ቆዳው ገና ምንም አይታይበትም፤ ይሞቃል ብቻ።

«ምልክት አድርጊበት» ይላሉ።

ቆዳ ላይ የምንጽፍበትን ሐምራዊ ብዕር አንሥቼ አከብበዋለሁ። ቀለሙ ቀዝቅዟቸው ትከሻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

«ይህ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል፣ ልጄ። የማይለቅበት ቦታም ጻፊው።»

መዝገቡን እከፍታለሁ። እጽፋለሁ፤ ለመክፈት ተሞክሮ አልተሳካም፣ መጋቢው መንገድ ተጎድቷል፣ ጨረሩ ከወሰን አልፏል፣ ጀርባቸው ይታይ። የመጨረሻውን ቃል እስክጨርስ እሱን ነበር የምጸየፈው።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይኞቹ መስመሮች ይሄዳል። ምርመራ። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ፣ ምርመራ። ገጹን ወደ ኋላ እገልጣለሁ፤ ሌላ ምርመራ። እንደ ዛሬው ሞክሮ አልከፈት ሲለው ያስጻፈኝ ስምንት ናቸው። የሁሉም «ም» እግሯ ረዘም ብሎ ወደ ግራ ታጥፏል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምጽፈው። የአንዳቸውንም ጀርባ አላየሁም።