የቸርኬው ቁልፍ

ጎሚስታው «ዳዶ» ይባላል። እንደ ጎማ ማሰሪያው ዳዶ አጭርና ድቡልቡል ስለሆነ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን አንዴ ከጠበቀ ስለማይላላ ነው ባይ ነው።

ባለፈው ዓመት ሳያውቅ ለተሰረቀ መኪና ጎማ ቀይሮ ከሌባው ጋር ታስሮ ነበር። ሱቁም ታሽጎ ከረመ። ሲፈታ መርማሪው «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብሰማ በርህን እንኳ አታገኘውም» አለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ዳዶ ከመኪናው በፊት የሚያየው የነጂውን ፊት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ቤት የሚያክል ጥቁር ጂፕ ገባ። ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ውስጡ ቆዳ በቆዳ ነው። ከውስጡ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ወረደ። ወረደ ከማለት ተዘረጋ ማለት ይቀላል፤ መቀመጫው መሪው ላይ ስለተለጠፈ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሥሩ ደግሞ ባለ አበባ ትራስ ተቀምጧል።

«መቀመጫውን ወደ ኋላ አትገፋውም እንዴ?» አለው ዳዶ።

«እናቴ ናት የምትነዳው። ከነካካሁባት ትቆጣለች።»

ዳዶ የልጁን ፊት ደግሞ አየው።

ልጁ ያልፈለገው ነገር የለም። ሃያ ሁለት ኢንች ጥቁር ቸርኬ፣ ስስ ጎማ፣ የሚያገሳ ማርሚታ፣ ትልቅ ፍሬን፣ ጉልበት የሚጨምር የሞተር ፕሮግራም። ግን አንድ ነገር በተጠየቀ ቁጥር ስልኩን ይዞ ጥግ ይሄዳል።

«ቸርኬው ባለ አምስት ጣት ይሁን ባለ አሥር?»

ሄዶ አንሾካሾከና ተመለሰ። «ባለ አምስት። ባለ አሥሩ ጭቃ ይይዛል አለች።»

«ማን ናት ያለችው?»

«እናቴ ናት አልኩህ እኮ።»

ማርሚታውን ሊቀጥል የተጠራው ጎረቤት በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ። «የኔ እናት መኪና ውስጥ ስትገባ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው። ያንተዋ ማርሚታ ታማርጣለች?»

ልጁም አብሮ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ አለ ዳዶ በልቡ።

መኪናውን በክሪክ አነሳው። እያንዳንዱ ቸርኬ ላይ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ዳዶ ታስሯል፤ ሌባ እንዳይፈታው ተብሎ የተሠራ፣ ከራሱ ቁልፍ በቀር ለማንም የማይታዘዝ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

ልጁ መሳቢያውን ገለበጠ፣ ምንጣፉን ገለጠ። የለም። ዳዶ ደንበኞች ረስተዋቸው የሄዱትን እንዲህ ያሉ ቁልፎች የሚያጠራቅምበት አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ነበረው። እየዘረገፈ ሞከረ። አንዱም አልገጠመም። የልጁ ግንባር ላብ አወጣ፤ የዳዶም።

የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ መኪናው መጨረሻ ጎማ የቀየረበት ጋራዥ ስልክ ተለጥፏል። ዳዶ ሽንት ቤት ገብቶ ደወለና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው። ስልኩን ያነሳው ሰው ታርጋውን ጠይቆ አረጋገጠ።

«የት ነህ?» አለ ቀጥሎ። ዳዶ ሰፈሩን ነገረው። «ወንድሜ፣ ያዘው! ባለቤቱ ሲፈልጋት ነው ያደረው። አሁኑኑ እሱን እልክልሃለሁ።»

ዳዶ ከሽንት ቤት ወጣ። ደግሞ መጣብኝ! ልጁን ቢለቀው ተባባሪ ነህ ይሉታል። ፖሊስ ቢጠራ መጀመሪያ የሚታሰረው ራሱ ነው። ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከበያጁ ጋር ተጋግዘው ልጁን ጎማ ማከማቻው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

«ምን አደረግኩ?» እያለ ልጁ በሩን ደበደበ። «ለእናቴ ደውሉላት!»

የቀሙት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። «እማዬ» ይላል።

«ሌባም እናት አለው» አለ በያጁ። ዳዶ ስልኩን በፊቱ ደፋው።

ቆይቶ በሩን መደብደቡ ቆመ። «እሺ ጋሼ… እሺ። ብቻ አንሳላት፤ ካላነሳሁ ትደነግጣለች» የሚል የለቅሶ ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ወጣ። የዳዶ ሆድ ባባ። ግን ምን ያድርግ?

ሰውየው ሲመጣ ኮት የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም በየተራ ጨበጠ። ከኪሱ የቸርኬውን ቁልፍ አውጥቶ ዳዶ መዳፍ ላይ አኖረው። ገጠመ። ዳዶ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቀው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምንም አላውቅም…»

«አይዞህ። እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

ዳዶ እጁን ሊስመው ምንም አልቀረውም። «የድሮዎቹን ልመልሳቸው?»

«ከጀመርክ አይቀር አዲሶቹን ግጠማቸው። ያምራሉ።»

«ማርሚታውስ?»

«እሱን ተወው። ጩኸት አልወድም።»

ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ከልጁ የቀሙትን የሞተር ቁልፍ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። «ይሄ ዱርዬ መቀመጫዬን ምን አድርጎታል?» አለ። መግፊያውን በግራ ቢዳብስ የለም፣ በቀኝ አገኘውና ወደ ኋላ ገፋው። ትራሱን በመስኮት ወረወረው። «ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ፤ እንዳትለቀው» ብሎ ወጣ። ዳዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሸኘው።

ፖሊስ ቆየ። የልጁ ስልክ መንዘርዘሩን ትቷል። በመጨረሻ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። መርማሪው ነው ብሎ ዳዶ ሸሚዙን አስተካከለ።

የወረዱት ሴትዮ ቁመታቸው ከታክሲው መስኮት ብዙም አይበልጥም፤ ጎንበስ ብለው ባለ አበባውን ትራስ ከአቧራው አነሱ፣ አራገፉት፣ ብብታቸው ሥር ያዙትና፣ «አንተ ልጅ፣ የማርሚታዋን ድምፅ ልስማ ብዬ መጣሁ፤ የት አቆማችኋት?» አሉ።