መቶ አርባ ሦስት ፊርማ

«አራት ዓመት?!... አራት ዓመት ብቻ?!»

የጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነው... ችሎቱ በር ላይ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ላይቭ ገብቶ።

«ወገን ስሙ! ሰው አካል ጉዳተኛ አድርጎ አራት ዓመት! ዳኛው በልቷል! ሼር አድርጉት!»

የተፈረደበት ሰው መሐንዲስ ነው። ጉቦ ተቀብሎ፣ ሄዶ ያላየውን ሕንፃ «ደህና ነው» ብሎ በፊርማው ያጸደቀ።

የሕንፃው ደረጃ ተደርምሶ አንድ ቀለም ቀቢን ከነባልዲው ይዞት ወረደ።

ቀለም ቀቢው ዛሬ መሰላል መውጣት ቀርቶ ከአልጋው ለመነሳት ሰው ይፈልጋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው ከብቧት ቆሟል... መሐንዲሱም ያደገው እዚያው ሰፈር ነው።

«አይዞሽ እቴ... ደሃ ምን ፍትሕ አለው!» አለቻት ባለሱቋ።

«ድሮስ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለውን የለ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀው አሥራ ሁለት ዓመት ነበር። ስምንቱ ዓመት የት ገባ?

ለባሏ ምን ብላ ትነግረዋለች?

በዚያው ቀን ቪዲዮውን ግማሽ ከተማ አየው። ዳኛውን ያልሰደበ የለም። አንዱማ ስለ ዳኛው አዲስ መኪና ሦስት አንቀጽ ጻፈ...

ዳኛው በታክሲ ነው የሚመላለሰው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ፋይሉን አገላበጠች።

«የቅጣት ማቅለያ ቀርቦለት ነው የእኔ እህት። የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ጽፎለታል። ‹ምስጉን ጎረቤታችን ነው፣ ፍርድ ቤቱ ይራራለት› ይላል። መቶ አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል።»

«የማን ሰፈር?»

«የእናንተው።»

ደሟ ፈላ። ከሃዲዎቹን አንድ በአንድ ልትለይ ዝርዝሩን ተቀበለች።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ... ባለሱቋ። «አይዞሽ እቴ» ያለቻት።

ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት... ፀጉር አስተካካዩ። ላይቭ የገባው!

«አስመሳይ ሁላ!» አለች።

ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት...

የራሷ ስም ነው። ፊርማውም የራሷ...

ያኔ ትዝ አላት። ከሁለት ወር በፊት፣ የደንበኛ ልብስ ለማድረስ ስትጣደፍ፣ ፀጉር አስተካካዩ በሯ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሽ ዋናው ናቸው የላኩት፣ የሰፈር ጉዳይ ነው... እዚች ጋ ፈርሚ» አላት።

ጋሽ ዋናው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል። እሳቸው የላኩት ወረቀት ይነበባል እንዴ?

መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች ጫር አደረገችለት።

ቤት ገብታ ለባሏ አልደበቀችውም።

«እነማን ናቸው የፈረሙለት?» አላት።

«ሁሉም... እኔም። ሳላነበው።»

ቀለም ቀቢው ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«ሰውየውም ሕንፃውን ሳያይ ነው የፈረመው» አለ።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ጸሐፊዋ ግን አንድ ነገር ነግራታለች፦ ፈራሚዎቹ ፊርማቸውን ካነሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ሲል ይጠቅመዋል።

ልብስ ሰፊዋ «ሳናነብ ነው የፈረምነው፤ ፊርማችንን አንስተናል» የሚል ደብዳቤ አጽፋ በየሱቁ መዞር ጀመረች።

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ጋ።

«እስቲ አምጪው... ላንብበው» አለ።

መቀሱን አስቀምጦ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ገልብጦ ባዶውን ጀርባ ሳይቀር አየ።

«እንግዲህ... ጋሽ ዋናውን ማሳጣት አይሆንም? ደግሞ ነገ እኔኑ ‹ለምን ሳታነብ ፈረምክ› ቢሉኝስ?»

«ትናንት ‹ዳኛው በልቷል› ስትል አልፈራህም?»

«እሱማ ሌላ ነው እቴ... እሱ ፊርማ የለበትም።»

ባለሱቋም መነጽር ተውሳ አነበበችው። «ባሌን ላማክረው» አለች።

አናጺው ነገ ነይ አለ። ነገ ስትሄድ ሱቁ ዝግ ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ አንባቢ ሆነ... ሁሉም የሚያነሳው ምክንያት ደግሞ አንድ ነው። «ጋሽ ዋናው ምን ይሉናል?»

ደብዳቤው ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሁለት ፊርማ ብቻ ነበረበት።

አንዱ የልብስ ሰፊዋ ነው።

ሁለተኛው...

የጋሽ ዋናው!

ከስማቸው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «እኔ ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት። አባቱ አብሮ አደጌ ሆኖ ይሉኝታ ያዘኝ። አጥፍቻለሁ።»

ሰው ሁሉ የፈራቸው ሽማግሌ... እሳቸው አልፈሩም።

ወዳጆቼ፣ ዳኛን መሳደብ ቀላል ነው። በይሉኝታ የሰጠነውን ፊርማ «የእኔ ነው፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ መመለስ ነው ሰውን የሚፈትነው። ከመቶ አርባ ሦስት ሰው ሁለት ብቻ ነው ያለፈው።

እናንተስ... እውነቱን ተናገሩ፣ ያ ደብዳቤ ዛሬ ሱቃችሁ በር ላይ ቢመጣ ሦስተኛው ፈራሚ ትሆኑ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ሳታነቡ ላይክ ያደረጋችሁ ግን መጀመሪያ ተመልሳችሁ አንብቡት 😊