የመስመሩ ዝላይ

የቤተ ሙከራውን በርሜል የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሂሊየም ሊያልቅ ነው፤ ሌላም አይመጣም። የዶክትሬት ተማሪው ዛሬ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ፍሰት ካላሳየ የዓመታት ልፋቱ ገደል ገባ። በርሜሉ ውስጥ ብርድ ራሱ ጋቢ ይለምናል። የፍሰቱ መለኪያ ደግሞ ጉንዳን ብታስነጥስ ይሰማል፤ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይጠብቅም። ስክሪኑ ላይ ፍሰቱን የሚያሳየው መስመር ግን እንደ ሬሳ ተጋድሟል።

ቢጨንቀው በሩን ዘግቶ በጣውላው ወለል ላይ ይሰግድ ጀመር። «አምላኬ፣ አንዴ ብቻ!»

ቀና ሲል መስመሩ ዘሏል። ደገመ፤ አሁንም ዘለለ! እንባው እየወረደ አስተማሪውን ዶክተር ትርሲትን ጠራቸው።

ገብተው ቢያዩ መስመሩ ጭጭ ብሏል።

«አሁን ነበረ እኮ ዶክተር! በእመብርሃን!»

«ግንባርህን ምን አቧራ አለበሰው?»

«ስሰግድ... ነበር።»

ዶክተሯ ከበርሜሉ ወደ መለኪያው የተንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ገመድ አዩት። «እስቲ ስገድ።»

ሰገደ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ገመዱ ተወዛወዘ፣ መስመሩ ዘለለ።

ዶክተሯ ገመዱን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ድገመው ልጄ።»

ደገመ። መስመሩ ተኝቶ ቀረ። እሱም አልተነሳም።