ከዳባት ሰማይ የሚደወል ስልክ

"እትዬ ውቢት፣ እማን አገናኚኝ!"

"ማን ልበል?"

"ክንዴ ነኝ! በላያችሁ ነኝ!"



ክንዴ ፓይለት ነው። የአንድ ባለሀብት ትንሽዬ አውሮፕላን ያበራል። የባለሀብቱን እንግዶች አክሱም ያደርስና ባዶውን በስሜን ተራሮች አናት ላይ ወደ ጎንደር ይመለሳል።

ስልኩን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው… ደባርቅን አልፎ ዳባት ሊደርስ ሲል፣ ኔትወርኩ ብቅ ሲል።

እንደማይፈቀድ ያውቃል። ግን የጎኑ ወንበር ባዶ ነው። የኋላውም ባዶ። ከታች ገደል፣ ከላይ ሰማይ… ሰው የሚናፍቀው እዚያ ላይ ነው።

መሬት ሲወርድማ ሰው መች ይጠፋል? እናቱ ወርቄ ስትደውልለት "እማ፣ ትንሽ ቆይቼ ልደውልልሽ" ይላታል።

ያ "ትንሽ ቆይቼ" የሚደርሰው እንደገና ሰማይ ሲወጣ ነው።

"እማ፣ ውጪ!" ይላታል።

ነጭ ጋቢዋን ይዛ ግቢው መሃል ትቆማለች። ታውለበልባለች። እሱም የአውሮፕላኑን ክንፍ ዘንበል ያደርግላታል።

በቃ። የእናትና የልጅ መገናኘት ይኸው ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱን ለሥልጠና ውጭ አገር ከረመ። ዛሬ ነገ ሲል አንድም ቀን አልደወለም። ይኼ የአሁኑ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያ በረራው ነው፤ የእናቱን ስልክ ያነሣችው ግን ውቢት ሆነች።

"የእማ ስልክ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?"

ውቢት ጎረቤት ናት። ግድግዳ ለግድግዳ።

"እሷማ… ቤተ ክርስቲያን ናት።"

"በዚህ ሰዓት?"

"አሁን የት ነህ ልጄ?"

"አልሁሽ እኮ፣ በላያችሁ!"

"እንግዲያስ ስትወርድ ደውል።"

"ስወርድ ሥራ አለብኝ። አሁን ንገሪኝ፣ ተቀይማኛለች አይደል?"

"ውረድና ደውል አልሁህ፣ አንት ልጅ! እንደ አሞራ አናቴ ላይ እየዞርህ ምን ልንገርህ?"

ሳቀ። ዘጋው።

ወረደ… አልደወለም።

በሚቀጥለው በረራ እንደገና ከሰማይ ደወለ። "ተኝታለች" አለችው ውቢት።

አሁን ተናደደ።

"ቀስቅሻት! ሳላያት አልሄድም!"

ዝቅ አለ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ ዓይኑ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ መሃል የእናቱን ግቢ ሲፈልግ… አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

ማስጠንቀቂያው ጮኸ።

"ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?"

"ምንም አይደለም! እማ ትውጣ!"

"በእመቤቴ ይዤሃለሁ ክንዴ፣ ሂድ!"

"ትውጣ አልሁ!"

በስልኩ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ተሰማ…

ከዚያ አያት። ነጭ ጋቢ፣ ግቢው መሃል። እያውለበለበች።

መሪውን ሳበ። ሸንተረሩን ለጥቂት ሳተው። ላቡ በጀርባው እየወረደ ፈገግ አለ።

"አየኋት! አየኋት… ሰላም በይልኝ!"

ጎንደር ሲያርፍ ግን ደስታው አልቆየም። ወጥታ ካውለበለበች… አንዲት ቃል መናገር ለምን እምቢ አለች?

ሞተሩን አጠፋ። ከመቀመጫው አልተነሣም። ውስጡ ጭር አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ደወለ።

"የሞተሩ ድምፅ የለም…" አለች ውቢት።

"መሬት ነኝ። ነገ መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ምን ላምጣላት?"



"ምንም። ማልደህ ና። ብቻህን ግን አትምጣ፣ ጓደኛ ይዘህ ና።"

ክንዴ በስልኩ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አያቸው። ቢራ አብረውት የሚጠጡ ሞልተዋል። እናቴ ዘንድ እንሂድ ሊለው የሚችል ሰው ግን አላገኘም።

ብቻውን መጣ።

ጠዋት ነው። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። 

የደብሩ መሪጌታ ተክለ ማርያም ተነሡ።

"እንደምን አደሩ መሪጌታ? ምን ተገኘ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ።"

"እማስ?"

መሪጌታ ክንዱን ያዙት። 

ውቢት ደጃፉ ላይ ቆማለች። የለበሰችው ጋቢ የእናቱ ነው።

"ትናንት የወጣሁት እኔ ነኝ" አለችው። "ትወድቅብኛለህ ብዬ…"

እዚህ ላይ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ።

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰውየውን ቤት አስገብቶ ነው የሚነገረው። በስልክ አይነገርም… ለዚያውም ብቻውን አውሮፕላን ለያዘ ሰው!

ወርቄ ያረፈችው ሐምሌ ላይ ነው። ሰው አገር ላለ ልጅ አይነገርም፣ ይመለስ ተባለ። ተመለሰ… የሚደውለው ግን ከሰማይ ብቻ ሆነ። ለእናቱ ስልክ ሲደውል እናቱ አልነበረችም፤ ይህን የሚነግሩበት ጊዜ ግን አልሰጣቸውም።

ወዳጆቼ… ለሰው የምንደውለው ሌላ ነገር እየሠራን ብቻ ከሆነ፣ ክፉው ቀርቶ ደጉንም አይነግረንም። ለእኛ ሲል ዝም ይላል። እኛም ዝምታውን ኩርፊያ ነው እንላለን።

እናንተስ… ለመጨረሻ ጊዜ ለእናታችሁ ስትደውሉ እጃችሁ ምን ይዞ ነበር? እስኪ ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ክንዴ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

"ተወው" አሉት መሪጌታ።

ገባ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት።

በሩ ተዘጋ።